ያልሰማችውን የጻፈች ዕለት

እትዬ ዜና የእናት የአባት ስሟ አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። እንጀራዋ አንሶላ ማጠብ ነው። ከዳገቱ ግርጌ ካለው የእንግዳ ማረፊያ በየሁለት ቀኑ ሁለት ጆንያ አንሶላና የትራስ ልብስ ይመጣላታል። አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ትመልሳለች። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠችው እናቷ ታማባት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሳፋው ፊት አልተነሳችም። "ሰው ከናቱ ቤት ይወርሳል፣ እኔ ሳፋ ወረስኩ" ትላለች፤ ሲናገሩት ቀልድ ይመስላል፣ ፊቷን ላየው ግን ቀልድ አይደለም።

ዜና ውስጥ የከተታት ውሃ ነው። በዚያ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ትመጣለች፤ ቀኗና ሰዓቷ አይታወቅም። መጀመሪያ የምትደርሰው ዳገቱ ጫፍ ላይ ካለው ከጋሼ ሾፌር ግቢ ነው። ጋሼ ሾፌር ዕድሜውን የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። እትዬ ዜና በየጠዋቱ "ጋሼ፣ መጣች?" እያለች ትደውልለት ነበር። ውሎ አድሮ ጎረቤቱ ሁሉ እሷን "መጣች?" ማለት ጀመረ። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው የእህቷ ልጅ አንድ ቀን ጥየቃ መጥታ ስልኩ ሲጮህ ውሎ ጆሮዋ ደነቆረ።

"አክስቴ፣ አንድ ድረ ገጽ ልክፈትልሽና ሰዉ እዚያ ላይ ያንብብ። ከዚህ ሁሉ አሎ አሎ ትገላገያለሽ" አለቻት።

መገላገሉስ ቀረ፤ ገጹ ሲከፈት ጭራሽ ሥራው በዛ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያውቀው የሰፈሩ ብረት በያጅ ስለሆነ የመብራቱን ወሬ እሱ ይልካል። የጤና ጣቢያው ዘበኛ የወረፋውን ነገር ይነግራታል። የጠፋ መታወቂያ፣ የሚከራይ ክፍል፣ የተወለደ ልጅ፣ የተዘጋ መንገድ፣ ሁሉም እሷ ጋ ይመጣል። የጎረቤቷ የባለሱቁ ኢንተርኔት ግድግዳውን አልፎ ጓሮዋ ድረስ ስለሚመጣ፣ ሰውየው ራሱ የይለፍ ቃሉን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ሰጣት። ስልኳ ሳፋ ውስጥ ገብቶ የሞተ ጊዜም ጎረቤቶቿ ተመካክረው ያገለገለ ስልክ ገዝተው አመጡላት። "እኛን ብለሽ ነው ያጠብሽው" አላት በያጁ።

የውሃው ነገር ግን ምንጊዜም በጋሼ ሾፌር እጅ ነበር። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ግቢው ወጥቶ ቧንቧውን ይከፍታል፤ ከዚያ ይደውላል። ብትመጣም ባትመጣም ይደውላል። "መጥታለች" ወይ "የለችም" ይልና ይዘጋዋል፤ ደህና አደርሽ እንኳ የለም። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጓደለም። ሚስቱን በቀበረ ማግስት እንኳ ደውሎ "የለችም" ብሏታል።

አንድ ማክሰኞ አልደወለም።

እትዬ ዜና እስከ አንድ ሰዓት ጠበቀች። ወገቧ ሌሊቱን ሲቆርጣት ነው ያደረው። የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ ሁለቴ ደውሎ "እንግዳ በባዶ ፍራሽ ላስተኛ ነው እንዴ?" ብሎ ጮኾባታል። "ብትመጣ ኖሮ ይደውል ነበር፤ የለችም ማለት ነው" አለች ለራሷ። "ዛሬ ውሃ የለም፤ አትጠብቁ" ብላ ጻፈችና ጆንያዋን አዝላ ቁልቁል ወረደች።

እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ በሯ ላይ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። ከፊት ያለችው የሰፈሩ ባለ ሻይ ቤት ናት፤ ባዶ ማንቆርቆሪያዋን እንደ ማስረጃ ይዛዋለች።

"ነይ እስቲ እትዬ ዜና! ውሃ የለም አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትወርድ የዋለችው ምን ልትሆን ነው? ወተት ናት? ከገበያ ስመለስ ቧንቧዬ የመጨረሻዋን ጠብታ ሲያጓራ ደረስኩ! አንቺን አምኜ በርሜሌን ባዶውን ትቼ ሄድኩ!"

"እኔ ጺሜን ልላጭ ነበር፤ ይኸው ሌላ ሳምንት መነኩሴ መስዬ ልከርም ነው" አለ በያጁ።

"ይስቃል እንዴ! እኔ ደምበኛዬን በምራቄ ሻይ ላፍላለት?"

እትዬ ዜና ጆንያውን መሬት ላይ ጣለችው። ደክሟታል፣ ነዷታልም። "ምን ላድርግ ታዲያ? ጋሼ አልደወለማ!" አለች ጮክ ብላ።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ራሷ የሰማችው። ባለ ሻይ ቤቷም ማንቆርቆሪያውን ዝቅ አደረገች።

"አልደወለም ማለት ምን ማለት ነው?"

"ዛሬ አልደወለም።"

"ውሃዋ መጥታ? ጋሼ ሾፌር?"

መልስ የጠበቀ የለም። እትዬ ዜና ያንን ዳገት በዚያ ወገቧ እንዴት እንደወጣችው እስከ ዛሬ አታውቀውም። ሊጣላት የመጣው ሰው ሁሉ ከኋላዋ ተከተለ።

ጋሼ ሾፌር ቧንቧው ሥር ሲሚንቶው ላይ ወድቋል። ጠዋት ቧንቧውን ከፍቶ ሲዞር ተንሸራቶ ዳሌው ተሰብሯል። ስልኩ ከሱ አራት እርምጃ ርቆ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ውሃዋ የመጣችው እሱ ወድቆ እያለ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ላዩ ላይ ወርዳበታለች። ከንፈሩ ጠቁሯል። እትዬ ዜና ጎንበስ ስትልበት ዓይኑን ገለጠ።

"ዜናዬ" አለ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ "መጥታለች።"

በያጁ እየሮጠ ወርዶ ለደምበኛ ሠርቶ ያቆመውን፣ ገና ቀለም ያልተቀባ የብረት በር አመጣ። እሱ ላይ አስተኝተው ተሸከሙት። ባለ ሻይ ቤቷ እግሩን ይዛ "አይዞህ ጋሼ፣ አትንቀሳቀስ፣ ኧረ አትንቀሳቀስ ስልህ!" እያለች በለቅሶም በቁጣም ወረደች። ሐኪሙ ዳሌው ይጠገናል፣ ጥቂት ቢቆይ ግን ብርዱ ይጨርሰው ነበር አላቸው።

እትዬ ዜናን የጸጸታት የውሃው ነገር አልነበረም። ውሃ በመጣች ቀን ቧንቧ የሌላቸው ሴቶች ሁሉ ጀሪካናቸውን ይዘው የሚሰለፉት ጋሼ ሾፌር ግቢ ነው። የለም ብላ ባትጽፍ ኖሮ ገና በጠዋቱ ግቢው በሰው ይሞላ ነበር። ሰውየውን ብቻውን ያስቀረችው እሷ ናት።

የእህቷ ልጅ ይህን ስትሰማ "አክስቴ፣ ገጹ ተበላሽቶ ነበር በይና እለፊው። ማን ያውቃል?" አለቻት።

"እኔ አውቃለሁ" አለች።

በማግስቱ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ትናንት ውሃ የለም ያልኩት ማንም ነግሮኝ አይደለም። ጋሼ ሾፌር ሳይደውል ሲቀር ደውዬ መጠየቅ ሲገባኝ ከራሴ ጻፍኩ። እናንተን ውሃ አሳጣኋችሁ፤ እሱንም ሰው አሳጣሁት። በሬ ላይ መጥታችሁ የጮኻችሁብኝን እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ባትጮኹብኝ ኖሮ ገብቼ ጋደም እል ነበር፣ እሱም እዚያው ይቀር ነበር። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይጻፍ።"

ገና ስልኩን ሳታስቀምጥ ባለ ሻይ ቤቷ በሩን በርግዳ ገባች።

"የጮኻችሁብኝ ብለሽ በጅምላ ታልፊዋለሽ? ቀድሜ የጮኽኩት እኔ አይደለሁም?"

"ነሽ።"

"እንግዲያው ባለ ሻይ ቤቷ ብለሽ ጻፊ! ደግሞ ሌላ ሰው ይጻፍ ትላለች። ማን? እኔ ልጻፍ? እኔ ከጻፍኩ የምጽፈው የባሌን ጉድ ነው፤ ሰፈሩ ይጫረሳል።" ከዚያ አጠገቧ ዱካው ላይ ቁጭ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔስ ብሆን? በየቀኑ የማልፈው በጋሼ በር ነው። አንድ ቀን ገብቼ ጠይቄው አላውቅም። በራስሽ ብቻ አታሳብቢው፣ እቴ።"

እትዬ ዜና በእጇ መዳፍ ፊቷን ጠረገች።

ቅዳሜ ሆስፒታል ሄዳ የጻፈችውን ለጋሼ ሾፌር አነበበችለት። ጣሪያውን እያየ እስከ መጨረሻው ሰማት።

"ተሳስተሻል" አለ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እኔም አንዴ ሙሉ ጭነት ይዤ መኪናዋን ገደል አፋፍ ላይ ሰቅያት አውቃለሁ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እግሬ እስኪበርደኝ ድረስ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ነዳሁ።" ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። "ሌላ ሰው ይጻፍ ያልሽውን ደምስሺው።"

ደመሰሰችው። ከዚያ ወዲህ ያልሰማችውን ነገር አልሰማሁም ብላ ትጽፋለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሳቀባት። "አልሰማሁም ደግሞ ዜና ነው?" አላት ባለሱቁ። እሷ ግን አልተወችውም።

ጋሼ ሾፌር ከሁለት ወር በኋላ በምርኩዝ ቤቱ ገባ። መደወሉንም ቀጠለ። አንድ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል አለፈ፤ ስልኩ ዝም። ብትደውልለትም አያነሳም። "ከጋሼ ሾፌር እስካሁን አልሰማሁም" ብላ ጻፈችና ጫማዋን ፍለጋ ጎንበስ አለች። ጫማዋን አጥልቃ በሩ ላይ ስትደርስ፣ ባለ ሻይ ቤቷ ሽርጧን እንዳገለደመች ዳገቱን አጋምሳዋለች። በያጁ ከኋላዋ ይሮጣል። ከየበሩ ሰው ይወጣል። የባለሱቁ ሚስት ሳትቀር ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትወጣለች።

በሯ ላይ ቆማ ስታያቸው ስልኩ ጮኸ።

"ዜናዬ፣ አንድ ቀን እንቅልፍ ቢጥለኝ ሰፈሩን ነቅለሽ ትልኪብኛለሽ? በያጁ በሬን ሊገነጥለው ነበር!"

"እኔ መቼ ላክሁ፣ ጋሼ? አልሰማሁም ብቻ ነው ያልኩት።"

"ይቺ ባለ ሻይ ቤትም ገብታ ብርድ ልብስ ታለብሰኛለች፤ ልነሳ ብል አላስነሳ አለችኝ።" ከዚያ "በይ፣ የለችም" ብሎ ዘጋው።

እትዬ ዜና በሯን ተደግፋ ዳገቱን አየችው። ሰው አሁንም እየወጣ ነው። እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ስልኳን አወጣች፦

"ጋሼ ሾፌር ደህና ነው። ውሃ የለም። ለወጣችሁት ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"