ምርቃት ሳያልቅ

ሚሉኢም፣ ማለትም የእስራኤል ተጠባባቂ ጦር ግዳጅ፣ ከተጠራሁ ጀምሮ ለጓደኞቼ «ናፍቆት ለልጆች ነው» እል ነበር። ይህን ብዬ ሽንት ቤት እገባና የአራት ዓመት ልጄ ስትዘፍን የተቀረጸውን ቪዲዮ ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ። አንድ ቀን ከጓደኞቼ አንዱ በሩን አንኳኩቶ «ኧረ ሆድህን ሐኪም ይየው!» አለኝ። በናፍቆት ከምታማ በሆድ ድርቀት ልታማ ብዬ ዝም አልኩ።

እንደምንም የሁለት ቀን ፈቃድ አገኘሁ። አሽዶድ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጄ ሮጣ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም። ሮቫ ዩድ ሰፈር፣ ቤቴ ስገባ ግን ጢሜን አየችና እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። ሽፍታ መስዬ መምጣቴ የገባኝ ያኔ ነው። ቸኮሌት ባሳያት ቸኮሌቱን መንጭቃ ተመልሳ ተደበቀች። በጣም ከፋኝ።

ከሰዓት በኋላ የአባቴ አጎት ሊመርቁኝ ከሮቫ ጊሜል መጡ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ መነሳትም ማቋረጥም ነውር ነው። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ጠላትህን ከእግርህ በታች ያድርግልህ!»

«አሜን!»

«እግርህን እንቅፋት አይንካው!»

«አሜን!»

ይሄኔ አዛካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ጮኸ። ከላይ ቤት ሰዎች ሲሮጡ ይሰማል፤ እኛ ቤት ግን ማንም ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ እኔን ታያለች፣ እኔ ምንጣፉን አያለሁ። ያን ሁሉ ሥልጠና የወሰድኩ ወታደር፣ ሽማግሌ ማቋረጥ አፍሬ ተንበርክኬ ሮኬት እጠብቃለሁ! እሳቸው ጆሯቸው ደከም ስላለ ዘር ማንዘሬን መመረቅ ጀምረዋል።

አንዲት ትንሽ እጅ ጣቴን ጨበጠች።

«አባ፣ አዛካ! ተነስ! ወደ ማማድ!»

እየጎተተች ማማዱ፣ መጠለያው ክፍል፣ አስገባችኝ። ሌሎቹም ሽማግሌውን ደግፈው ተከተሉን፤ የብረት በሩን ዘጋሁ። ፍንዳታው ከሩቅ ሲሰማ ልጄ ጭኔ ላይ ወጥታ ጢሜን ዳበሰች።

«አይዞህ አባ፣ አሁን ያልቃል።»

እኔ እኮ እሷን እጠብቃለሁ ብዬ ነው ጠመንጃ ተሸክሜ የምዞረው።

ሽማግሌው ተደላድለው ተቀመጡ። «የቱ ጋ ነበርኩ?»

«ዘሩን እየመረቁ ነበር፣ አባባ» አለች ባለቤቴ።

«እንግዲያማ ዋናው ቀርቷል። ወጥተህ ግባ!»

ከሁላችንም ቀድማ «አሜን» ያለችው ልጄ ናት።