ፍሪጁ ዝም ሲል

ልጅ ሳለሁ ከሰው ሁሉ አብልጬ የምቀናው በጋሽ ታደለ ነበር። ጋሽ ታደለ በሞያሌና በናይሮቢ መካከል ሲመላለሱ ያረጁ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ቅዳሜ ማታ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ይመጡና አባቴ ፊት ተቀምጠው ሕይወታቸውን ይተርካሉ። አባቴ የሰው ታሪክ ይቀዳ ነበር። ቀን ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር በአስተርጓሚነት ይውልና፣ ማታ ማታ ናይሮቢ የከተመውን ሐበሻ እየጠራ፣ «ሰው ሲሞት አብሮት የሚቀበረው ብዙ ነው» እያለ ድምፁን በካሴት ያስቀርለታል።

ያኔ፣ የእኛው ሚሊኒየም ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤታችን ጭጭ ይል ነበር። አባቴ ጥዝዝ የሚለውን የጣሪያ መብራት አጥፍቶ ፋኖስ ይለኩሳል፤ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ጩኸቱ ካሴቱ ውስጥ እንዳይገባ ፍሪጁን ይነቅላል። መልሶ መሰካቱን ግን ይረሳዋል። እሑድ ጠዋት ወተቱ ተበላሽቶ ይገኛል፤ ቅዳሜ ማታ ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት የምትሠራው እናቴም «ትናንት ደግሞ ማን መጥቶ ነው?» ብላ ትነሳለች።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ፣ የላምባው ጭስ አፍንጫዬን እየቆጠቆጠኝ አዳምጣለሁ። ጋሽ ታደለ በረሃ ላይ መኪናቸው ተበላሽቶባቸው የራዲያተር ውሃ ስለመጠጣታቸው፣ የሞተ ረዳታቸውን ጋቢና አስቀምጠው እያወሩት ስለመንዳታቸው ሲተርኩ ልቤ ይንጠለጠል ነበር። ግን ከታሪኩ ይልቅ የማዳምጠው አባቴን ነው። አያቋርጥም፣ ሰዓቱን አያይም፤ ጋሽ ታደለ ዝም ሲሉ ጎንበስ ብሎ በቀስታ «ከዚያስ?» ይላል። አንድ ጊዜ እንባውን ሲጠርግ አየሁት። እኔ ክንዴ የተሰበረ ጊዜ «አይዞሽ» ከማለት ያላለፈ ሰው፣ አይቶት ለማያውቀው ረዳት አለቀሰ! ለእኔ የሚተርፈኝ «ነገ ትነግሪኛለሽ» ነበር፤ ያ ነገ ደግሞ አይመጣም።

አንድ ቅዳሜ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባስ ታክሲዎች ሥራ አቁመው ጋሽ ታደለ መምጫ አጥተው ቀሩ። አባቴ ፋኖሱን ለኩሶ፣ ካሴቱን አስገብቶ ሲጠብቅ ቆየና ተስፋ ቆረጠ። ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቼ የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት አይነካም።

«አባዬ፣ እኔን ቅዳኝ።»

ሳቀ። ሊያጫውተኝ ብሎ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነና፣ ለሁሉም እንደሚለው፣ «ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» አለኝ።

«ማርታ ደጀኔ» አልኩና በረሃውን፣ ራዲያተሩን፣ ረዳቱን፣ ሁሉንም በጋሽ ታደለ አነጋገር አወረድኩት።

«ማሚቱ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለኝ እየሳቀ። «ይሄ የጋሽ ታደለ ነው። ያንቺስ?»

አሰብኩ። የእኔ የምለው በረሃ አልነበረኝም።

«ቲቸር ኮምፖዚሽኔን ለክላሱ አነበበችው። ስለ አንተ ነው የጻፍኩት። ልነግርህ ስል ሰው መጣ። በሌላ ቀንም ልነግርህ ስል ሰው መጣ። ከዚያ ተውኩት።»

አባቴ መሳቁን አቆመ። ተነስቶ ሄደና ፍሪጁን ነቀለ።

በማግስቱ ወተቱ ተበላሽቶ ተገኘ። እናቴ ጣሳውን እያሸተተች «ትናንት ደግሞ ማን መጥቶ ነው?» ብላ ጮኸች።

«እኔ!» አልኳት።

አባቴ ካረፈ ወዲህ የእነዚያ ሰዎች ልጆች የወላጆቻቸውን ድምፅ ፍለጋ ወደ እኔ ይመጣሉ። «አባትሽ እኮ ለእኛም አባታችን ነበር» ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ዛሬም እቀናለሁ፤ ይሄን ሁሉ ዓመት አልለቀቀኝም። ከሸኘኋቸው በኋላ የእኔን ካሴት አስገባለሁ። የሌሎቹ ካሴት ገና ከመጀመሪያው ጸጥ ያለ ነው። የእኔ ግን በፍሪጅ ጩኸት ይጀምራል፤ መሐል ላይ ወንበር ሲገፋ፣ የአባቴ ነጠላ ጫማ ሲራመድ ይሰማል፤ ፍሪጁ ዝም ይላል፤ ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ በቀስታ፣ «ከዚያስ?»