እማዬ አፏን የሸፈነች ቀን

ዓረብ አገር ነው የምንኖረው፤ እኛ ቤት ሐኪም ማለት የኢቃማ ምርመራ ማለት ነው። እሱን የወደቀ ሰው መኖሪያ ፈቃድ አያገኝም፣ ወደ አገሩ ይሸኛል። ስለዚህ የእኛ ሰው ሐኪም ፊት ሲቆም ሳሉን ውጦ፣ ወገቡን አቅንቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላል። አባዬ ጉልበቱን እያመመው የምርመራ ቤቱን ደረጃ ሮጦ ነው የወጣው።

እኔም ወደ ጆሮ ፈተናዬ ይህንኑ ይዤ ሄድኩ።

ልጅ ሆኜ ማጅራት ገትር ያዘኝና ተረፍኩ፤ ጆሮዎቼ ግን አልተረፉም። ከጆሮዬ ጀርባ የማንጠለጥለው መስሚያ ከሩቅ እንደሚሰማ የውሃ ሞተር እምም ከማለት ሌላ አይሰጠኝም። የሰው አፍ እያየሁ ነው የምኖረው። እማዬ ግን ለጎረቤት ሁሉ «እኔን ትሰማኛለች፣ የሌላውን ነው የማትሰማው» ትላለች።

ዘንድሮ ጂዛን ያለው ሐኪም በቀዶ ጥገና ጆሮ ውስጥ ስለሚገባ መሣሪያ ነገረን። የሚደረገው በመስሚያ መስማት ላቃተው ሰው ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ይፈተናል። እኛ ይዘን የወጣነው «ይፈተናል» የሚለውን ብቻ ነው።

ከምንኖርበት ከአቡ ዓሪሽ ወደ ፈተናው በታክሲ ስንሄድ እማዬ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ጎበዝ ሁኚ እሺ? ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያስገቡት። ‹ደንቆሮ ናት› ብለው ከጻፉ መዘዙ በአባትሽ ኢቃማ ላይ ይመጣል።» በዚያ ሙቀት እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

ድምፅ የማታስገባዋ የፈተና ክፍል ከቁም ሳጥን ብዙም አትበልጥም። ወፍራሙ በር ከመዘጋቱ በፊት፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የምጫናት ቁልፍ ሰጡኝ። ተዘጋ፤ ምንም ድምፅ የለም። ላብ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይታወቀኛል። ከዚያ በክፍሏ መስታወት አሻግሬ ሳይ፣ ውጭ የተቀመጠችው መርማሪ ድምፅ በላከች ቁጥር ክርኗ ከፍ ይላል። ክርኗን እያየሁ ተጫንኩ። ቃል ስትጠራም ከንፈሯን እያነበብኩ ሁሉንም መለስኩ። ውጭ የቆመችው እማዬ አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

መርማሪዋ ግን አልሳቀችም። በሩን ከፍታ ገባችና በዝግታ፣ «ሐቢብቲ፣ እንዲህ ከሰማሽ ለምን መጣሽ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። መሣሪያውን በገዛ ጣቴ እያባረርኩት ነበር። እውነቱን ብናገር ደግሞ አባዬን ነው የማባርረው። ሁለቱንም ፈራሁና ቁልፏን አጥብቄ ያዝኩ።

እሷም እማዬን ጠራችና ጥቁር ጨርቅ የተወጠረበት ክብ ነገር አስያዘቻት። «አፍሽን ሸፍኚና በቋንቋችሁ አናግሪያት።»

እማዬ ተኩራርታ ሸፈነች። «እኔን ትሰማኛለች» ብላ ነዋ። ከጨርቁ በላይ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ። እስክትጀምር ጠበቅኩ። ጨርቁ ትንሽ ተነፋ።

«ውሃ?» አልኩ።

ዓይኖቿ ጠበቡ። ጨርቁ እንደገና ተነፋ።

«ዳቦ? በር? ጨረቃ?» የሰው በር በሌላ ቁልፍ እንደሚሞክር ሌባ ሆንኩ።

እማዬ ጨርቁን አወረደችው። ከንፈሯ አልታዘዝ እያላት፣ «ስምሽን ነው የጠራሁት» አለች። «ሁሉንም ጊዜ ስምሽን ነው።»

ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞራ በተሰባበረ ዓረብኛዋ ተናገረች። «አትሰማም። እኔንም አትሰማም። የአባቷን ኢቃማ ግን አትንኩብን።»

መርማሪዋ ግራ ገብቷት አየቻት፤ ከዚያ ነገሩ ገባትና ሳቀች። «የምን ኢቃማ? እዚህ ጆሮ ብቻ ነው የምናየው። ኸላስ፣ በቃ ከመጀመሪያው እንጀምር።»

በዚህኛው ዙር ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ክርን የለ፣ ከንፈር የለ። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ተቀመጠ፣ አንዴም አልተጫነም። በሕይወቴ እንደዚያ ያስፈራኝ ዝምታ የለም፤ ስጨርስ ግን መርማሪዋ «ሙምታዝ» አለችኝ። ወላሂ፣ ምንም ላልመለሰ ሰው እጅግ በጣም ጥሩ።

አሁን የቀረው የጭንቅላት ራጅ ነው። ማጅራት ገትሩ የውስጥ ጆሮዬን ወደ አጥንት ለውጦት ከሆነ መሣሪያው እሺ ብሎ ላይገባ ይችላል አሉ፤ እሱን እያሰብኩ እፈራለሁ።

ማታ ጎረቤታችን መጥታ «እንዴት ሆነች?» ስትል እማዬ አፏን እንዳነብ ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና መለሰችላት።

«እኔንም አትሰማኝም» አለች። «ኢንሻአላህ ገና ልትሰማኝ ነው።»