ሽሮው ላይ የረጋው ቅቤ

ዛሬ ጠዋት ፍሪጅ ሳጸዳ ከጥግ የተረሳ ለጋ ቅቤ አገኘሁና ጣቴ ላይ ቀረ። ብታጠብ፣ ብታጠብ አልለቅ አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ተቀመጪ አትበይኝ፣ እየሠራሁ ልንገርሽ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእማዬ ጋር ሁለታችን ብቻ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እሷ ቦሌ ሚካኤል አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ከታክሲ ስትወርድ ተደናቀፈችና የድንጋይ ጠርዝ ቅልጥሟን ላጠው። ፔዳሉን የምትረግጥበት እግሯ ነበር። "ጭረት ነው" ብላ በጨርቅ አሰረችውና በማግስቱ ሥራ ገባች።

ጭረቱ አልሽር አለ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ዳር ዳሩ ጠቁሮ መሃሉ ይረጥብ ነበር። ፋሻው በተፈታ ቁጥር ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ እኔ መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ። እማዬ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾምና ንፍሮ ወይም ዘይት ጠብ ያላለበት ሽሮ ትቀምሳለች። ዘይቱን የተወችው በስለት ነው፤ እኔ ፈተናዬን እንዳልፍ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ አንድ ቀን ፋሻውን እየቀየረች ተቆጣች።

"እናቴ፣ ለመሆኑ ምን ይበላሉ?"

"የጾም ነዋ።"

"ቆዳ ከባዶ አይሠራም እኮ። እንቁላል ይብሉ፣ ወተት ይጠጡ፣ ካልሆነም ዘይት እንኳ ያግኙ። ቅባት ያጣ ሰውነት በምኑ ይገጥማል? እንዲህ ከቀጠለ አጥንት ውስጥ ይገባል።"

"ፋሲካ ሲደርስ" አለች እማዬ ፈገግ ብላ። ፋሲካ ገና አንድ ወር ነበረው። የንስሐ አባቷም ለታመመ ይፈቀዳል ብለዋት ነበር። "አባቴ፣ እኔ መች ታመምኩ፤ የተላጠው እግሬ ነው" አለቻቸው። እንዲህ ያለችውን ሴት ማን ተከራክሮ ያሸንፋል?

ያን ቀን ከአውቶቡሱ እስክንወርድ አጥንት የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ይመላለስ ነበር። ቤት ስንገባ ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ቅቤ ከፍሪዘሩ ጥግ አወጣሁ። ለጋ ነው፣ ያልተነጠረ፣ ሽታው ብዙ የማያስታውቅ። የእሷን አፍንጫ ደግሞ የጨርቅ ብናኝ ዓመቱን ሙሉ ይዘጋዋል። ሽሮው ሲንተከተክ አንድ ማንኪያ ጣልኩበትና እስኪጠፋ አማሰልኩት። ሳህኑን ፊቷ አስቀመጥኩላት።

"ዛሬስ ባለሙያ ሆነሻል" አለችኝ።

በማግስቱም ጨመርኩ። በሳምንቱ የቁስሉ ዳር ቀላ፣ ከዚያ እንደ ወተት ስልባቦት ስስ ቆዳ ያዘ። ቅቤው ይሁን፣ የነርሷ ኪኒን ይሁን፣ ወይስ ቀኑ ደርሶ፣ ዛሬም አላውቅም።

በአሥራ አንደኛው ቀን የተረፈውን ሽሮ ሳላነሳ ተኛሁ። ጠዋት ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ቢጫ ቅባት ረግቶበት ነበር። እማዬ በጣቷ ነካችው፣ አሻሸችው፣ እዚያው ቆማ ቀረች። ከሸማቾች የምንገዛው ዘይትም ሲበርደው ይረጋል። ዘይት ነው፣ ስለትሽን እንጂ ጾምሽን አላስፈረስኩሽም ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን ሳየው አልቻልኩም።

"ስንት ቀን ሆነው?" አለችኝ።

"ሦስት።"

አልመታችኝም፣ አልጮኸችብኝም። ምነው በጮኸችብኝ። "እግሬን ስታዪ ሌላው አልታየሽም" አለችና ሳህኑን አነሳች። ከዚያ ጀምሮ ምግቧን ራሷ ሠራች። ቁስሉ ለፋሲካ ገጠመ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን መጾም ስለማይፈቀድ ጠበቀች። ሐምሌ አምስት የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ የጎረቤቱ ቁሌት ደረጃውን ሁሉ ሲያውደው፣ እሷ በፈረሱት ፈንታ ሦስት ቀን ጨመረች። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ከቤተ ክርስቲያን ገባች። ፊቷ በርቶ ነበር።

"አሁን ቀለለኝ" አለችኝ።

እማዬ፣ አሥራ አንድ ነበር ማለት ነበረብኝ። ሻይ አፈላሁላት።

ፈተናውን አለፍኩ። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በመጨረሻው ሰሞን እግሯን ሳጥብላት ጠባሳውን በጣቴ እከተለው ነበር፤ ለስላሳ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ገጥሟል። በቅቤው አልጸጸትም። ዛሬም ብትሆን እጨምርበታለሁ። የሚያንገበግበኝ ቁጥሩ ነው።

ሐምሌ በመጣ ቁጥር ባለቤቴ፣ "ጾሙ ተፈታ እኮ፣ ይሄ ደግሞ የማን ነው?" ይለኛል። የእማዬ ነው እለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አይጠይቀኝም። እሷ ሐምሌ ስምንት ላይ ነው ያቆመችው። እኔ የጎደሉትን ስምንት ቀኖች ዘጠኝ ላይ ጀምሬ አሥራ ስድስት ላይ እጨርሳለሁ፤ አንዴ ቢበቃም በዓመቱ እደግመዋለሁ። ቀለለኝ ማለት ግን እስካሁን አልሆነልኝም።