ጽዋው ፊቴ ሲቆም

ሮም፣ ኤስኲሊኖ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቻይናዊ አዛውንት እጦር ነበር። አገራቸው ሳሉ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበሩ። ሚስታቸው ሮም ላይ ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከሴት ልጃቸው ጋር ነው፤ እሷ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ የልብስ ሱቅ አላት። የምንግባባው በጣልያንኛ ነበር፤ የእሳቸውም የእኔም እኩል የተሰባበረ። «ኖኖ» እላቸዋለሁ፣ አያቴ ማለት ነው፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል።

በዚያ ክረምት ወድቀው ስለነበር ልጃቸው ከቤት እንዲወጡ አትፈልግም። መጋቢት ሲጋመስ ግን በመስኮቱ አጮልቀው አዩና፣ «ሣሩን ልረግጥ እሄዳለሁ» አሉ።

ልጃቸው «አባዬ፣ ደረጃው» ስትል፣

«ደረጃው ሣር አይደለም» ብለው ዘጓት።

እኔ ደግሞ ነገሩ ስላልገባኝ፣ ሣር መርገጥ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በጥንት ዘመን ቻይኖች ፀደይ ሲገባ የሙታኖቻቸውን መቃብር ጠርገው፣ አረሙን ነቅለው ሲያበቁ እዚያው አልቅሰው አይመለሱም ነበር አሉኝ። ከዚያ ወደ ሜዳ ይወጣሉ፣ ይበላሉ፣ ግጥም ይገጥማሉ። ኀዘኑና ሽርሽሩ በአንድ ቀን ነው።

«አያሳፍርም?» አልኳቸው።

«ሣሩ እኮ ሁለቱም ቦታ ይበቅላል» አሉኝ።

እሑድ ቀን ልጃቸው ሱቋን ዘግታ በመኪና ወሰደችን። መጀመሪያ የሚስታቸው መቃብር ሄድን። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፣ እኛ እንነቅላለን። እኔ እጄ እየሠራ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። እናቴ አዲስ አበባ ስትሞት ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለእድሳት ገብቶ ስለነበር ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። የሌላ ሰው እናት መቃብር እያጸዳሁ መሆኔ ከነከነኝ፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ የጥንቶቹ የውሃ ማስተላለፊያ ቅስቶች ያሉበት ሜዳ ሄድን። ቀጭን ቦይ ይፈስበታል። አዛውንቱ ከቦርሳቸው ትንሽ የእንጨት ጽዋ አወጡ፣ ወይን ጠብ አደረጉበትና ጨዋታውን አስረዱን። ጽዋው በውሃው ላይ ይለቀቃል፤ ፊቱ የቆመበት ሰው ይገጥማል። ካልቻለ ቅጣቱን ይጠጣል።

መጀመሪያ ልጃቸው ፊት ቆመ። በልጅነቷ ስለመጣች በቻይንኛ መግጠም አትችልም። «አሎራ፣ እንግዲያው እጠጣለሁ!» ብላ ጨለጠችው። አባቷ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ጽዋው እኔ ፊት ያለ ድንጋይ ታከከና ቆመ። ልጠጣ እጄን ስዘረጋ፣ «በቋንቋሽ ግጠሚ» አሉኝ።

«አይገባዎትም እኮ።»

«ጆሮ አለኝ።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ቃሉ ራሱ መጣ፦

«የሰው አገር ሣሩን አየሁት በዓይኔ፣
ከእናቴ መቃብር ማን ይነቅላል ለኔ።»

አዛውንቱ ቤት መምታቱን ሰምተው ኖሮ «ዓይኔ፣ ለኔ» እያሉ ደገሙት። ከዚያ ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ልጃቸው ሳህን ማቅረብ ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። ማንም «አይዞሽ» አላለኝም። አዛውንቱ፣

«መቼ ሞቱ?» አሉኝ።

«አምና።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

መልሴን ሳይጠብቁ የተላጠ እንቁላል ሰጡኝ። ጾም ላይ ነኝ ብላቸው ሳቁና ብርቱካን አመጡልኝ። እስኪመሽ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠን ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ምን ትወድ እንደነበር፣ ስትቆጣ ምን እንደምትል። ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

ቤት እንደገባሁ ወንድሜ ጋ ደወልኩና ግጥሙን አልኩለት።

«እኔም ከተዝካሩ በኋላ አልሄድኩም» አለኝ። «ብቻዬን መሄድ ከብዶኝ ነው።»

«እኔን በስልክ ይዘኸኝ ሂድ» አልኩት።

በሳምንቱ ሄደ። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ አረሙን ሲነቅል፣ እኔ ኤስኲሊኖ ኩሽና ውስጥ ሆኜ አየሁት። እሾህ ሲወጋው እንደ ልጅነቱ «እማዬን!» ብሎ ጮኸ፤ ሁለታችንም ሳቅ አፈነን።