ወንድሟ የሸጠላት ቡና

ሀጂራ ተወልዳ ያደገችው አርሲ ውስጥ፣ አርባ ጉጉ ተራራ ወገብ ላይ፣ ቡና ከሚያበቅል ቤተሰብ ነው። ወደ አዳማ የወረደችው ራህመቶ የሚባል የሐዲድ ሠራተኛ አግብታ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው ያን ጊዜ። ራህመቶ በወባ ሲሞትባት ልጅ አልነበራትም። የቀራት ከጣቢያው ጀርባ ያለች የሣር ጎጆ ብቻ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ቡዜ «ተመለሺ፣ ቤት አለሽ» ብሎ ላከባት። እሷ ግን ከወንድም ደጅ እንደ ባልቴት ተጠግቶ መኖር አልሆንልሽ አላት።

ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር አዳማ ላይ ውሃ እስኪሞላ ይቆማል። መንገደኛው አቧራ ለብሶ፣ ጉሮሮው ደርቆ ነው የሚደርሰው። ሀጂራ የከሰል ምድጃ፣ ጀበናና ጥቂት ስኒዎች ይዛ ሐዲዱ ዳር ተቀመጠች። ለአገሬው አንዱን ስኒ በቤሳ፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ለሚጠሯት ለነጮቹና ለመኳንንቱ ግን ከዚያ በሚበልጠው በግርሽ ትሸጥ ጀመር። እጇ ፈጣን ነው፤ ፊቷም አይከፋም። ከጊዜ በኋላ ባቡሩ ሲቃረብ ሌሎቹ ሻጮች ቦታዋን አይሻሟትም ነበር፤ የሀጂራ ቦታ ተብሎ ታወቀ።

ቡናውን የሚያመጣላት ቡዜ ነው። ቀድሞ እዚያው አርሲ፣ ደራ ገበያ ወርዶ ለአንድ ነጋዴ ይሸጥ ነበር። እህቱ ንግድ መጀመሯን ሲሰማ ግን አዋሽን ተሻግሮ ቡና የጫነች አህያውን እስከ ቤቷ ነዳ።

«ለባዳ ከምሰጥ ላንቺ ይሁን» አላት።

«የደራው ነጋዴ ለቁናው ስንት ይሰጥሃል፣ አያ ቡዜ?»

ነገራት። አንድ ብር ነበር። እሷም አንድ ብር ቆጥራ ሰጠችው። በልቧ ግን ሥራው ሲጠናልኝ እጨምርለታለሁ ብላ ነበር። በተከታዩ ዓመት የጎጆዋ ጣሪያ አፈሰሰና ቆርቆሮ ገዛች። ከዚያ የስኳር ዋጋ ናረ። ከዚያ ደግሞ ማሰብ ተወች። ገበያው የሚሰጠውን ነው የምሰጠው፣ አላጎደልኩበትም ትል ነበር ለራሷ። ቡዜ እሷ ቤት ደርሶ ጭነቱን ያራግፋል፣ ያድራል፣ ሲነጋ ይመለሳል። ጣቢያው ድረስ ሄዶ አያውቅም። የባቡሩ ፉጨት አህያዬን ያስበረግጋል ይል ነበር።

ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በኋላ በመጣው የቡና ወራት ቡዜ ፊቱ ከስቶ መጣ።

«ዘንድሮ ቡና ወድቋል» አላት። «ከባሕር ማዶ ገዢ ጠፋ አሉ። የደራው ነጋዴ በቁና ግማሽ ብር ነው የሚለው።»

ይህን ባይነግራት ኖሮ አታውቅም ነበር። ዋሽቶ አንድ ብር ነው ቢላት ትከፍል ነበር። ሀጂራ በቁና ግማሽ ብር ሒሳብ አድርጋ ቆጠረችለት። ቡዜ ገንዘቡን ተቀብሎ በመቀነቱ ቋጠረው።

በማግሥቱ አህያዋ አነከሰችበትና ጉዞውን አቆየ። ሀጂራ ሥራዋ ላይ ሳለች የከሰል ጆንያዋን ረስታ መሄዷን አየና ተሸክሞ ጣቢያ ድረስ መጣ። ባቡሩ ቆሞ ነበር። ቡዜ ጆንያውን ከአጠገቧ አስቀምጦ እዚያው የተጋደመ ግንድ ላይ አረፍ አለ። እሷ ከመስኮት መስኮት ትሮጣለች፤ ስኒ ታቀብላለች፣ ግርሹን ትቀበላለች፣ ስኒውን አለቅልቃ ደግማ ትቀዳለች።

የጣቢያው ዘበኛ ሰብስቤ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። እንግዳው ወንድሟ መሆኑን ሲሰማ ደስ ብሎት በኦሮምኛ ያዋራው ጀመር።

«እህትህ ከወንድ ትበልጣለች» አለው። «እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን ውለን የማናገኘውን እሷ ባቡሩ ውሃ እስኪጠጣ ታገኘዋለች። ዛሬ እንኳ ባንድ ባቡር ብቻ አንድ ብር ሞላች። ቁና ቡና ስንት ባቡር እንደሚያጠጣ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ቡዜ።

«እኔም ቆጥሬው አላውቅ፤ ብዙ ነው።»

ሀጂራ ሁሉንም ሰምታለች። አንዱ ተሳፋሪ ስኒውን ዘርግቶ ድገሚኝ ሲላት ስኒውን ሳታይ ቀዳችና ቡናው ጣቶቿ ላይ ፈሰሰ። ዞራ ወንድሟን ለማየት አልደፈረችም። ባቡሩ ሲነሣ እቃዋን ስትሰበስብ ቆየች፤ መሰብሰብ ያለበትም የሌለበትም እቃ ሁሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጆንያውን እሱ ተሸከመ። መንገዱን አጋምሰው ነው የተናገረው።

«የስኒው ዋጋ ግን አልቀነሰም?»

«አልቀነሰም» አለች።

ቤት ገብተው ገንዘብ አውጥታ ብትሰጠው በእጁ መለሰው። «ሸጥኩልሽ፣ ገዛሽኝ። በገበያው ዋጋ» አላት። ድምፁ ቁጣ የለበትም። ቢቆጣት ትመርጥ ነበር። እሷም ስለ ስኳሩ፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለሚሰበረው ስኒ ልትነግረው ጀምራ፣ የራሷ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ አስጠላትና ተወችው።

በተከታዩ ዓመት ቡዜ አልመጣም። የአገሯ ሰው በገበያ ቀን ትንሽ ቅል ሙሉ ቡና አደረሰላት።

«ወንድምሽ ለቤትሽ ብሏል። የምትጠጪው ነው» አላት። «የቀረውን ደራ ለነጋዴው አራግፎታል።»

«በስንት?»

«ካምናውም ያነሰ ነው። ምን ያድርግ።»

ሀጂራ ያንን ቡና መሸጥም መጠጣትም አቃታት። ለሥራዋ ከአዳማ ገበያ እየገዛች ሰነበተች። በመጨረሻ ቤቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ያላትን ገንዘብ በመቀነቷ ቋጥራ፣ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ተራራው ወጣች። ካገባች ወዲህ አገሯን አላየችም ነበር።

ቡዜ በደስታ ተቀበላት፤ በግ አረደላት። ይቅርታ ልትል አፏን በከፈተች ቁጥር «ምን አደረግሽኝና» እያለ ወሬውን ወደ ሌላ ይወስደዋል። እውነቱን የነገረቻት ሚስቱ ዘሃራ ናት። ሁለቱ ቡና ሲለቅሙ፣ ዘሃራ እጇን ሳታቆም ተናገረች።

«በግማሽ ብር በገዛሽን ዓመት ለግብር አልበቃንም። የምትታለበዋን ላም ሸጥን። ልጆቹ ዓመቱን ወተት አላዩም። እኔ ዋጋው ያው ከሆነ ደራ ውሰደው፣ ሩቁ መንገድ ይቅርብህ ብዬው ነበር፤ እህቴ ናት አለኝ።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ነጋዴው ቢያደርገው አይገርመኝም። እሱ ቡና ለቅሞ አያውቅም። አንቺ ግን ይችን ቅርንጫፍ ታውቂያታለሽ።»

ሀጂራ አንገቷን ደፍታ መልቀሟን ቀጠለች። እንባዋ ቅርጫቱ ውስጥ ሲወድቅ ዘሃራ አይታ እንዳላየች ሆነች።

የላሟን ዋጋ ቡዜ አልቀበልም ስላለ ለዘሃራ ሰጠቻት። ዘሃራ አላቅማማችም። «እኔ ልጆች አሉኝ፤ ማፈር አልችልም» ብላ ተቀበለች። ያን ቀን ሁለቱ ተስማሙ፤ ቡናውን ዘሃራ ራሷ ወደ አዳማ ታወርዳለች፣ ሀጂራም ለስኳርና ለከሰል የወጣውን አንሥታ ከስኒው ያገኘችውን እኩል ታካፍላታለች። ሰው ሁሉ የሳቀባቸው ስምምነት ነበር። ሰብስቤ እንኳ «እንዲህ ያለ ንግድ አይቼ አላውቅ» አላት። እሷ ግን ስምምነቱን አላፈረሰችም። ዘሃራ በወረደች ቁጥር ግንዱ ላይ አስቀምጣ ጠቅላላ ሥራውን ታሳያታለች። ከብት ባይበዛም አንዲት ጊደር ተገዛች፤ ግብሩም ያለ ዕዳ ተከፈለ።

ቡዜ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። ወደ አዳማም አልወረደም። ልጁን ሲድር ግን አክስቲቱ ሳትመጣ ሠርጉ አይጀመርም ብሎ ሰው ላከባት። ዳሱ ውስጥ የክብር ቦታ ሰጣት። ዘፋኙ የዘመዱን ስም እየጠራ ሲያሞግስ እሷ ላይ ደረሰና፣ ከተማ ተቀምጣ ወገኗን ያልረሳች፣ የወንድሟን ላብ ያስከበረች ብሎ አወደሳት። ሰዉ እልል አለ። ቡዜም ከሰዉ ጋር አጨበጨበ።

ሀጂራ ቀስ ብላ ተነሥታ ወጣች። ዘሃራ ተከትላ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳውን እንደተደገፈች አገኘቻት።

«ምነው?»

«ዳሱ ጭስ በዛበት» አለቻት ሀጂራ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ዳሱ ውስጥ ጭስ አልነበረም። ዘሃራ ዘፈኑ ወደ ሌላ ሰው እስኪዞር አብራት ቆመች።