ወንድምየው የሌለበት ተረት

ልጅ ሳለሁ ቡራዩ ውስጥ የምንኖረው ኦቦ ደበላ ግቢ ነበር። አባቴ መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ተከራይቶ ሱቅ ከፍቶበታል፤ እኛ ከሱቁ ኋላ፣ እነሱ ከእኛ ፊት ለፊት። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ያኔ ደግሞ ከሚበራበት የሚጠፋበት ይበዛ ነበር፣ ኩራዜን ይዤ እነሱ ቤት እሮጣለሁ። ከሰሉ ላይ በቆሎ ይጠበሳል፣ ጭሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፤ እኔ ግን ንቅንቅ የለም። ኦቦ ደበላ ተረት ሊያወሩ ነዋ!

ከተረቶቻቸው ሁሉ የጅቡን ሙሽራ የሚያህል አልነበረም። ጅብ መልከ መልካም እንግዳ መስሎ ይመጣና አንዲት ልጅ አግብቶ ይወስዳታል፤ ዋሻው ሲደርሱ ጅብነቱ ይገለጣል። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሟ ዱካዋን ተከትሎ ይደርስና በትከሻው ተሸክሞ፣ ወንዝ አሻግሮ ቤቷ ያደርሳታል።

እዚያ ቤት ተረት ያለ ተቀባይ አይወራም። ኦቦ ደበላ አንድ ነገር ብለው ያቆማሉ፤ ተቀባዩ «ኤዬ!»፣ በኦሮምኛ አዎ፣ ሲላቸው ነው የሚቀጥሉት። ካልተባለላቸው ፍንክች አይሉም። ተቀባዩ የበኩር ልጃቸው ገመቹ ነበር፤ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ፣ ረጅም፣ ቀልደኛ ልጅ። እኔና ታናሽ እህቱ ሀዊ ቃሉን ልንቀማው ስንሞክር በኩርኩም ነበር ዝም የሚያሰኘን። ወንድምየው ዋሻው በር ላይ ሲደርስ ገመቹ የሚለው «ኤዬ!» የጎረቤት ውሻ ያስጮህ ነበር። ለእኔ የተረቱ ወንድም እሱ ነበር፤ ሌላ መልክ ሰጥቼው አላውቅም።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተባለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና ጎማ ተደረደረ፣ ሚኒባሱ ቀረ፣ አባቴ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ መሸጥ ጀመረ። አንድ ጠዋት ገመቹ ከጓደኞቹ ጋር ሰልፍ ወጣ። ተኩስ ሰማን። ጓደኞቹ ተመለሱ፤ እሱ አልተመለሰም። ሆለታ ታስሯል ያለ ነበር፤ ሰበታ አይቼዋለሁ ያለም ነበር። ኦቦ ደበላ የተባለው ቦታ ሁሉ ሄዱ። እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ምሽት መብራት ጠፋና እንደ ልማዴ ሄድኩ። ኦቦ ደበላ ማንም ሳይጠይቃቸው የጅቡን ሙሽራ ጀመሩ። «አንድ ጅብ ነበር» አሉና አቆሙ። ሀዊ እኔን አየችኝ፣ እኔ ፍሙን አየሁ። ያ ቃል የገመቹ ነው፤ ማን ደፍሮ ይበለው? እሳቸው ጠበቁ፣ ከሰሉ ተንጣጣ፣ አሁንም ጠበቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ውጭ ወጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ተረት አላወሩም፤ እኛም ብዙ ሳንቆይ ቤት ለቀቅን።

ዘንድሮ ሀዊ መጽሐፍ አሳተመች፤ ለወጣቶች ብላ የጅቡን ሙሽራ እንደ አዲስ ጻፈችው። ጅቡ ለገጣፎ ቪላ ያለው፣ ሽቶ የሚርከፈከፍ ጎረምሳ ሆኖላችኋል! ልጅቷም ብትሉ ከነጅብነቱ ታፈቅረዋለች። እየተበሳጨሁ አነበብኩ፤ እየተበሳጨሁም ሳላስቀምጠው በአንድ ሌሊት ጨረስኩት፣ ምክንያቱም መጻፍ ታውቅበታለች። መጨረሻው ላይ ግን ክው አልኩ። ልጅቷ ብቻዋን ከዋሻው ወጥታ፣ ብቻዋን ወንዙን ተሻግራ ቤቷ ገባች። ወንድምየው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የለም።

ቅዳሜ ቡራዩ፣ እነ ሀዊ ቤት ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ «ገመቹን የት አደረግሽው?» አልኳት። ወንድምየውን ማለቴ ነበር። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ።

ሀዊ አልተቆጣችም። «ጽፌው ነበር እኮ» አለችኝ። «ደጋግሜ ነው የጻፍኩት። ዋሻው በር ድረስ አደርሰዋለሁ፤ ከዚያ እጄ እምቢ ይለኛል። እሱን ስጠብቅ እሷ ትበላብኝ እንዴ? በራሷ እግር አወጣኋት።»

«ተረቱ ግን ያለ እሱ ምኑ ተረት ነው?»

«ለአንቺ ነዋ። እኔ እሱን ስጠብቅ ነው ያደግኩት።»

እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ግን ንዴቴን አላበረደውም፤ ያንን መጽሐፍ እስካሁን እወደዋለሁ፣ እስካሁንም ይቅር አላልኩትም።

«ኦቦ ደበላስ ሰሙት?» አልኳት።

«አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ሰማ። ከዚያ ‹ወንድምየው ሲሄድ አባትየው ለምን አልተከተለውም?› አለኝ። አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ወንድም የለም እኮ አልኩት። መልሶ እሱኑ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን ልበለው?»

ያኔ በዚያ ሁሉ ምሽት፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ጅቡን ፈርቻለሁ፣ ለልጅቷ አዝኛለሁ፣ ወንድምየውን ወድጃለሁ። በተረቱ ውስጥ ልጆቹ የወጡበት አንድ አባት እቤት ቀርቶ እንደሚጠብቅ ግን፣ የሚያወሩልን ኦቦ ደበላ ሆነው ሳለ፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።